መራራው ቁጥቋጦ

ሐዘን የገባበትን ቤት መስክ ማጨድ በጃፓን የአሶ ኮረብታ ሰዎች ወግ ነው። የቶሚኤ ጎረቤት ኪሱኬ ላቡን እየጠረገ በማጭዱ መስኩን አሳያት።

«እትዬ ቶሚኤ፣ የጋሼን መስክ እንደ ሙሽራ ጢም ልጭት አደረግኩልዎት! ያን ላም እንኳ የማትቀምሰውን መራራ ቁጥቋጦም አልማርኩትም።»

ቶሚኤ ያመጣችለትን የሩዝ ምሳ እንደያዘች ወደ መስኩ አየች። ሰማያዊዋ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በዚያ ዓይነት ቁጥቋጦ እምቡጥ ላይ ብቻ ነበር፤ በአካባቢውም የቀረው እሱ ብቻ ነበር። የቶሚኤ ሟች ባል አርባ ዓመት ሙሉ ማጭዱን እያዞረ አልፎታል። አሁን አንዲት ቢራቢሮ ጉቶው ላይ አርፋ፣ የሆዷን ጫፍ አጥፋ፣ የሌለ እምቡጥ ትፈልጋለች።

«ጋሼ ቢያዩት ደስ አይላቸውም?»

«እጅህ ይባረክ» አለችው፣ ዝቅ ብላ እጅ እየነሳች። ቀና ማለት ግን አቃታት።