በሞቴ

በአዲሱ ሕግ፣ ጠጥቶ ሲነዳ ሰው የገደለ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ የሚመለስለት በሟቹ ድምፅ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ካለፈ ድምፁ ለዘላለም ይጠፋል፤ ከወደቀ ፈተናው ይቀጥላል።

እሌኒ ለስድስተኛ ወር ከሾፌሩ ከደምሰው ፊት ለፊት ተቀመጠች። በመካከላቸው አረፋው ያልከሰመ ቢራ አለ። ከግድግዳው ውስጥ የሟች ባሏ የጥላዬ ድምፅ ወጣ።

«ደምሰው፣ አንዲት ብቻ! በሞቴ!»

ጥላዬ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነበር። ጠግቤአለሁ ስትለው በሞቴ እያለ ያጎርሳታል፤ እሷም «ሞትህን ምን አመጣው?» እያለች አፏን ትከፍታለች።

ደምሰው ብርጭቆውን ገፋው። «በሞትህማ አልጠጣም፣ ጋሼ» አለና እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ድኗል፣ እትዬ» አለ ፈተናውን የሚከታተለው ሐኪም። «እርስዎ አምስት ጊዜ ይደገም ብለው አስደግመውታል፤ ከዛሬ ወዲያ ግን ሕጉ አይፈቅድም። የማለፊያውን ቅጽ ላምጣና ይፈርሙለታል።»

ሐኪሙ ወጥቶ በሩ ተዘጋ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ ደምሰው፣ አንገቱን ደፍቶ።

እሌኒ መሐረብ አውጥታ በብርጭቆው ዙሪያ የፈሰሰውን በጥንቃቄ ጠረገች። ከዚያም ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ወደ እሱ መለሰችው።

«አንዲት ብቻ» አለችው። «በሞቱ።»