ክርስትና አንሺው

ከፋለ በክርስትና ቤቱ ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታል። በአንድ እጁ ከቢቸና ገዝቶ ያመጣውን ነጭ የሕፃን ቀሚስ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ መሬት እንዳይነካበት።

«ልጁ እንዳባቱ ከባድ ነው አሉ» ይላል። «ለኔ ችግር የለም። ጀርባዬ ዘሩን ያውቀዋል።»

የሕፃኑ አያት ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ሕፃኑን ያቀፈችው ልጃቸው ሰገነትም ትስቃለች። ፊቷ አርባ ቀን ፀሐይ ሳያገኘው ቆይቶ ገርጥቷል። ሞጣ ገና እየነጋ ነው።

የልጁ አባት ስጦታው አይስቅም። ምርኩዙን ተደግፎ ከፋለ የሚፈታውን ጫማ ያያል።

የወታደር ጫማ ነው፤ የወታደር ጫማ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። የግራው ግን ክር የለውም፤ በቀይ የመብራት ሽቦ ነው የታሰረው። ያንን ሽቦ ግንባር ላይ፣ ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብሎ በጥርሱ የጠመዘዘው ስጦታው ራሱ ነው። ከፋለ አጠገቡ ሆኖ «ሙሽራው» እያለ ያሾፍበት ነበር።

የተማማሉትም እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው። አንድ ደረቅ ዳቦ ለሁለት ቆርሰው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ጥሎት ላይሄድ። አንዱ ሲወልድ ሌላው ክርስትና ሊያነሳ።

ከዚያ ማፈግፈግ መጣ። ስጦታው ጭኑን ተመታና ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ትንሽ ነው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲስብ፣ ስጦታው ራሱም «ቀስ» ሲል። ሲነቃ ሆስፒታል ነበር፤ ማን እንዳደረሰው የነገረው አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ቤቱ ሲገባ ሁሉን ነገሩት፦ ከፋለ ቀድሞ መጥቶ «ተሸክሜ አወጣሁት» ብሎ አለቀሰ፣ ቤቱንም አስለቀሰ፣ ተመርቆም ተሸኘ። ስጦታው አመነ። ማመን ፈልጎ ነበር። እግሩን የሳበውን እጅ የወንድም እጅ አደረገው።

«ይኼ ጫማ የኔ ነው» ይላል አሁን፣ ቀስ ብሎ።

ከፋለ ቀና ይላል። ፈገግታው አልጠፋም፤ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል።

«አበልጅ ልንሆን በጫማ ልንጣላ ነው?»

«ያወለቅኸው አንተ ነህ።»

«የኔ ሶሉ ተገንጥሎ ነበር። የዚያን አገር ድንጋይ ታውቀው የለም?» ወደ ሰገነት ሰረቅ አድርጎ አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ያለቀልህ መስሎኝ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«ቀስ ብዬሃለሁ።»

ከፋለ ጫማዎቹን አስተካክሎ ግድግዳ ሥር ያስቀምጣቸዋል፣ ጎን ለጎን፣ ሥርዓት እንዳለው ሰው።

«ሰምቼሃለሁ» ይላል። «እና ምን ላድርግ፣ ሁለታችንም እንቅር? ይኸው የቀረውን ቃሌን ልጠብቅ መጣሁ። ቀሚሱን እየው እስቲ፣ ምርጥ ነው።»

ስጦታው ከቀሚሱ ፊቱን ያዞራል። ሰውየው ቢደነግጥ ይሻለው ነበር። ቢክድም ይሻለው ነበር። ግማሽ ቃል ይዞ እንደ ሙሉ ሰው ቆሟል፤ ካንገቱ የሽቶ ሳሙና ይሸታል።

ውስጥ ቄስ ገብረ ሕይወት ውኃውን ባርከው ይጠብቃሉ። ሕፃኑ ከእናቱ እጅ ወደ ከፋለ እጅ ያልፋል። ትንሽ ያለቅስና ደረቱ ላይ ሲለጠፍ ዝም ይላል። ይኼ ዝምታ ስጦታውን ከጫማውም በላይ ይዘገንነዋል። ክርስትና አባት አፍ ለሌለው ሕፃን አፍ ነው፤ ስለ እሱ ይክዳል፣ ስለ እሱ ያምናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አበልጅነቱ አይፈታም። ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር ይኼ ሰው ቤቱ ገብቶ ከማዕዱ ራስ ይቀመጣል።

«ወደ ምዕራብ ዙር» ይላሉ ቄሱ። «ስለ ሕፃኑ ሰይጣንን ካደው። በል፣ እክሕደከ ሰይጣን።»

ከፋለ ዞሮ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ድምፁ መልካም ነው፤ ዱሮም መልካም ነበር።

«እክሕደከ…»

ምርኩዙ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ስጦታው በአንድ እግሩ እየዘለለ ደርሶ ልጁን ይቀማዋል።

«ምነው ልጄ?» ይላሉ ቄሱ።

«ይኼ ሰው ለልጄ ቃል አይገባለትም።»

«ተሸክሞ ያወጣህ ሰው?» ይላሉ አማቱ።

«ጥሎኝ ነው የሄደ። ጫማዬን ካግሬ አውልቆ።»

ከፋለ ራሱን በሐዘኔታ ይነቀንቃል፣ ለታመመ ሰው እንደሚነቀነቀው። «ሕመሙ ነው፤ አይፍረዱበት» ይላል። አማቱ ይኼን ሲያምኑ ስጦታው ፊታቸው ላይ ያያል።

«ያለ ክርስትና አባት አላጠምቅም» ይላሉ ቄሱ። «ቅዳሴ ሳልገባ ሰው ካለህ አምጣ።»

ስጦታው ልጁን በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ ግድግዳውን እየተደገፈ ይወጣል። ነጩ ቀሚስ ከፋለ ክንድ ላይ ይቀራል።

ሰገነት ምርኩዙን ይዛ ትከተለዋለች። ባሏን አምናው እንደሆነ ፊቷ አይናገርም።

«ማን ሊያነሳው ነው እንግዲህ?»

«በዚያ በር መጀመሪያ የሚገባው ወንድ።»

«የማታውቀው ሰው?»

«የማላውቀው።»

ምርኩዙን ብብቱ ሥር ታስገባለታለች። የማላውቀው ሰው፣ ሲል ያስባል፣ እስካሁን ምንም አልማለልኝም።

ከታች አንድ የላስቲክ ጫማ ያደረገ ሰው ዳገቱን ይወጣል። ከአጥሩ በር ሲደርስ ጃንጥላውን አጥፎ ግንባሩን ከመቃኑ ያስነካል፤ ቀጥሎም ሌላውን መቃን ሊሳለም ይዞራል። ስጦታው ልጁን አቅፎ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል።