ሰፊ ግቢ

የጥቅምት ፀሐይ ገና ሳትጠነክር ሰውየው ውሻውን ይዞ ተራራውን ተያያዘው። አንበሴ ሽርሽር የወጡ መስሎት በደረቀው ሣር ላይ እየቦረቀ ይቀድመዋል፤ ራቅ ሲል ቆሞ ይጠብቀዋል። ነገ እሱና ሚስቱ የሚገቡበት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው፤ አራተኛ ፎቅ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ አጥንት ወረወረለትና "ቁጭ በል፣ መጣሁ" አለው። ውሻው አጥንቱን ሳይነካ ቁጭ አለ። ሰውየው ቁልቁል ሲወርድ ሦስት ጊዜ ዞር ብሎ አየው፤ ሦስቱንም ጊዜ ጅራቱን ቆላለት።

ቤት ሲደርስ እናቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አንበሴስ?"

"ሱሉልታ ያሉት የሚስቴ ዘመዶች ጋ አደረስኩት" አላት፣ አቧራ የለበሰውን ጫማውን እያየ። "ግቢያቸው ሰፊ ነው።" ውሸቱ አፉ ላይ አልከበደውም፤ ባለፈው ሳምንትም ተናግሮታል።

የእናቱ ፊት ፈካ።

"እሰይ! ነገ እኔን የምትወስደኝ እነሱው ጋ አይደል? የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነበር። አንበሴ ካለማ ምን እፈልጋለሁ!"

ተነሥታ የውሻውን ሳህን አጠበችው። ከዚያ የተቋጠረ ጓዟን ፈትታ ከልብሶቿ መሃል ከተተችው።