አዲሱ ሞጁል የሚያውቀው ቁልፍ

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ሰፈርተኛው «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ተምሮ አይደለም፤ አምፖል ሊያስቀይር የመጣ ሰው እንኳ አንድ ሙሉ ትምህርት ሳይሰማ ከእጁ ስለማይወጣ ነው።

ሽማግሌው የመጡት ጋራዡ ገና ሳይጠረግ ነበር። መኪናቸው ስትገባ ክላክሷ ማንም ሳይነካው ይጮኻል፣ ፍሬቻዋ በግራም በቀኝም ይጠቅሳል፣ መስኮቷ በገዛ ፈቃዱ ይወጣል ይወርዳል።

«ይህቺ ደግሞ ለየላት እንዴ፣ አባባ?»

«እሷስ ለይቶላታል፤ እኔ ገና ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ዛሬውኑ ድረስልኝ። ከከተማ ውጪ እህቴ ዘንድ ሳይመሽ መግባት አለብኝ። ሌላ ቀን የለኝም።»

በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይሄንን በመጨረሻ ታይልኛለህ። የተሳፋሪው በር ከውስጥ አይከፈትም። አንዴ ከገባሁ ሰው ካልከፈተልኝ አልወጣም።»

«እሱም የሞጁሉ፣ የዚያ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ጣጣ ነው» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ጥቅልሉን ዞር ብሎም ሳያየው።

ሽማግሌው «ለእህቴ ልደውል» ብለው የፕሮፌሰሩን ስልክ ተውሰው ቁጥሩን ከጭንቅላታቸው መቱት። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ ጠፋ። ስልኩን መለሱለት።

«አዩ አባባ፣ ሞተሩን የሚያዘው ሌላ ነው» ብሎ ጀመረ ፕሮፌሰሩ፣ ከመሪው ሥር ተጋድሞ። «ይሄ ሣጥን ግን የቤቱ አዛዥ ነው በሉት። መብራት፣ መስኮት፣ ክላክስ፣ የበር መቆለፊያ፣ ሁሉም እሱን ሳያስፈቅዱ ንቅንቅ አይሉም። እርጥበት ከገባበት እንደዚህ ይቀባጥራል። ስንቀይረው መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል፤ አለዚያ አዲሱን በገዛ እጃችን አቃጠልነው ማለት ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ጥሩ ጥያቄ! አዲሱ ሞጁል ማንንም አያውቅም። ቁልፍ ሁሉ እንደ አዲስ መተዋወቅ አለበት። ያን ጊዜ እዚህ ያልነበረ ቁልፍ ለእሱ ተራ ብረት ነው።»

«ልጄ እጅ ያለው ቁልፍም?»

«ብረት!»

የሽማግሌው ፊት ፈካ። ፕሮፌሰሩ ትምህርቱ የገባቸው መስሎት ደስ አለው።

«ካቻቢቴዬስ? አሁን እዚህ አልነበረች?» አለ ዙሪያውን እየዳበሰ።

«ፊተኛው ጎማ ላይ አስቀምጠሃታል» አሉት ሽማግሌው።

ከዚያ መብራት ያዙልኝ አላቸው። ክንዳቸውን ሲዘረጉ እጅጌያቸው ሸሸና አንጓቸው ላይ የፕላስቲክ አምባር ታየ። ጽሑፍ አለበት። «የመርሳት ሕመም አለበት። ብቻውን ካያችሁት ደውሉ።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ቶሎ ጎተቱት።

ፕሮፌሰሩ ግን አንብቦታል። ባለፈው ዓመት ፍሬንና ነዳጅ የተምታታባቸው አንድ አዛውንት ከነመኪናቸው ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ውስጥ ገብተው ነበር። እኚህ ደግሞ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሊነዱ! መለዋወጫ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብሎ ከግንቡ ጀርባ ሄዶ አምባሩ ላይ ወዳየው ቁጥር ደወለ።

ሞጁሉን ይዞ ሲመለስ ሆን ብሎ ሥራውን አዘገመው። ያጠበቀውን ብሎን ይፈታል፣ የፈታውን ያጠብቃል። ስለ ፊውዝ አወራ፣ ስለ ሽቦ ቀለም አወራ። ሽማግሌው አንዴ ፀሐይዋን አንዴ በሩን ያያሉ።

«አልደረሰም፣ ልጄ?»

«ደርሷል፣ ደርሷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ አባባ።»

ልጃቸው በታክሲ ደረሰ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ለስላሳ ድምፅ። ሽማግሌው ሲያዩት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ፕሮፌሰሩ አዘነላቸው፤ የገዛ ልጃቸውን እንኳ አላወቁትም።

«አባዬ፣ አስጨነቅከን እኮ» አለ ልጁ ትከሻቸውን አቅፎ።

«እህቴ ትጠብቀኛለች» አሉ ሽማግሌው። የሚያዩት ግን ፕሮፌሰሩን ነበር።

ልጁ ወደ ፕሮፌሰሩ ጆሮ ጠጋ አለ። «አክስቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ወንድሜ። አንዳንዴ ስልክም ይደውልላታል።»

ፕሮፌሰሩ ያ ማንም ያላነሳው ጥሪ ትዝ አለውና ሽማግሌውን በሐዘኔታ አያቸው።

«ቁልፍ የእኔን ብቻ አስተዋውቀው» አለ ልጁ። «የእሱን ተወው። ለራሱ ደኅንነት ነው።»

አስተዋወቀው። የሽማግሌውን ቁልፍ ግን አልወሰደባቸውም፤ ብረቱን መልሶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ልጁ አባቱን ደግፎ የተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ቀበቶ አሰረላቸው፣ በሩን ከውጪ ዘጋ። ፕሮፌሰሩ የመሪውን ሥር ሊከድን ጎንበስ ብሎ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

«ካቻቢቴህ ደረት ኪስህ ውስጥ ናት» አሉት ሽማግሌው ቀስ ብለው።

መኪናዋ ስትነሳ አራቱም በሮች ባንድ ጊዜ ጠቅ ብለው ተቆለፉ። ክላክሱ ጭጭ፣ ፍሬቻው ጭጭ። እንዲህ ነው ሥራ፣ አለ ፕሮፌሰሩ በልቡ። በዚያ ላይ የሰው ነፍስ አትርፏል።

ጠረጴዛውን ሲያጸዳ ጥቅልሉን አገኘው። የተሳፋሪውን በር ከውስጥ መሞከር እንደነበረበትም ያኔ አስታወሰ፤ ልጁ ሲመጣ ረስቶት ነበር። ጨርቁን ፈታው። አንዱ የመኪና በር የውስጥ መክፈቻ ነው፤ ከሥሩ በመጋዝ ተቆርጧል። ሌላው የመኝታ ቤት በር እጀታ ነው፤ እሱም በመጋዝ ተቆርጧል።

«ምስኪን» አለ ፕሮፌሰሩ ራሱን እየነቀነቀ። «ያገኙትን ሁሉ መቁረጥ ጀምረው ነበር ማለት ነው። ከባድ በሽታ ነው።»

ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ስትደውል ጓዳ ሆኜ ነው» አለች አንዲት አሮጊት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፤ «አመለጥክ?»