ምሳ ላይ የሚጠፋው መብራት

ድርግም...

መብራቱ ጠፋ፤ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አሉ።

"ይኸው ጀመረው፤ በሉ ጋደም እንበል" አለች ልብስ ተኳሿ፣ ካውያዋን እያስቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ ግን በልቧ ፈጣሪዋን አመሰገነች...

ምክንያቱም እናንተዬ፣ ይቺ ሴት ታማለች።

የሚያስል፣ የሚያነክስ በሽታ አይደለም። ድካም ነው... ተኝታ ስትነሳ ድንጋይ ስትሸከም ያደረች ይመስላታል።

ከኩላሊት በላይ ኮፍያ መስላ የተቀመጠች፣ ስትታመም ሰውን የምታደክም እጢ አለች አሉ። ሐኪም ቤት ብትሄድ፣ ሐኪሙ ያቺን እጢ ሳይቀር አስመረመረ፤ እጢዋ ደህና ናት። ሕመምሽ ግን እውነት ነው፣ ምግብ አትዝለይ፣ ሳትወድቂ ዕረፊ ብሎ ሸኛት።

ማረፍ በአፍ ቀላል ነው...

የስፌት ቤቱ ባለቤት ፊቱ ፈታ ብሎ የማያውቅ ሰውዬ ነው። በሌለበት "ጋሽ ኩርፊያ" ይሉታል። መታመሟን ከሰማ ቤትሽ ሄደሽ ተኚ ይለኛል ብላ ፈራች። ልጆቿ ደግሞ ከሷ በቀር ማንም የላቸውም።

ስለዚህ ደበቀች። ድካሙ ሲጥላት የወደቀ መርፌ የምትፈልግ መስላ ጠረጴዛ ሥር ትገባና እዚያው ሸለብ ያደርጋታል።

"ያቺ መርፌ ዛሬም ጠፋች?" እያለች ተኳሿ ታስቅባታለች።

ታዲያ ደግነቱ፣ መብራቱ ምሳ እንደበሉ መጥፋት አመጣ። ሁሉም ጨርቅ አንጥፎ ይጋደማል፤ እሷም ሳታፍር ትተኛለች። አልዳነችም... ግን ሳትወድቅ መዋል ቻለች።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ጎረቤት ፀጉር ቤት ማሽኑ ዝዝዝ ይላል።

መብራት አላችሁ እንዴ ብላ ጠየቀች። የኛ መቼ ጠፍቶ ያውቃል አላት ፀጉር ቆራጩ።

ግራ ገብቷት ወደ ቆጣሪው ዞር ብትል...

ጋሽ ኩርፊያ ከሥሩ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ማጥፊያው ላይ እጁ አለ።

"እርስዎ ነዎት የሚያጠፉት?"

"ጠረጴዛ ሥር ተኝተሽ አየሁሽ" አለ አቀርቅሮ። "ዕረፊ ብልሽ ታፍሪያለሽ። ሁላችንም ካረፍን ግን ማን ያፍራል?"

ሌሎቹም ያውቁ ኖሯል። ዘዴው የተኳሿ ነው። የቀረውን ሥራ ሰፊዋን በጊዜ ሸኝተው፣ እነሱ አምሽተው ነው የሚጨርሱት...



ተመልሳ ገባች። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ተኳሿ የውሸት ታንኮራፋለች።

"ታምሜያለሁ" አለች ሰፊዋ። ከሐኪሙ ሌላ ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

"እናውቃለን እኮ የኔ እህት" አለች ተኳሿ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ዝም ብለሽ ተኚ።"

ወገኖቼ... ቆሞ የሚሄድ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ሰነፍ ያልነው ሰው በስንት መከራ እንደቆመ አናውቅም። መርዳት ደግሞ ሰውየውን ሳያሳፍሩ ሲሆን እንዴት ያምራል!

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ ለአንድ ሰው ብላችሁ ጨለማ ውስጥ ትቀመጡ ነበር?