የሣር ወተት

ሣርና እህል ሁሉ ለነዳጅ ፋብሪካ ይግባ ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ላሞች የሚበሉት የፋብሪካውን አተላ ብቻ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ወተቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል፤ ሦስት ቀን ቢያድርም አይረጋም። ትርንጎ ከጓሮዋ ያጨደችውን ሣር ለላሟ ስታበላ የያዛት ተቆጣጣሪው አቶ ሽብሩ ነበር። ላሟን ዓይኗ እያየ አሳረደባት።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሰውዬ ከስቶ፣ ከዘራ ተደግፎ በሯ ላይ ቆመ።

«ትርንጎ፣ ጨጓራዬ አልቋል። ሐኪሙ የሣር ወተት ካልጠጣህ አትድንም አለኝ። ደብቀሽ ሣር የምታበያት ላም እንዳለችሽ ሰምቻለሁ። እባክሽ፣ ለማንም አልናገርም።»

«ይግቡ» አለችው።

ከጓሮ አሁን ያለበችውን፣ አረፋው ያልበረደ ወተት ይዛ መጣች። ሽታው ሲደርሰው የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። እጁን ሲዘረጋ ግን ትርንጎ ወተቱን እግሩ ሥር ደፋችው።

«ያሳረዱብኝ ላም ልጅ ናት፤ የእሷን ወተት እርስዎ አይጠጡም።»

«አስይዝሻለሁ!»

«ያሲዙኛ! የሣር ወተት ያለው ሌላ ሰው ካወቁ።»

 ትርንጎ ከጓዳ ጋዝ ጋዝ የሚሸት ወተት በብርጭቆ አምጥታ በመዳፉ አስጨበጠችው።

«ሕጉ የሚፈቅደው የአተላውን ነው። ይጠጡ።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ተጎነጨ። የትርንጎ አንጀት ቅቤ ጠጣ።