የመክፈቻ ምርቃት

ሽማግሌው በከተማው ምክር ቤት የአረጋውያን ተወካይ ከሆኑ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። «አባታችን፣ ይመርቁልን» ይባላሉ፤ ይመርቃሉ፤ ወዲያው ማይኩ ከእጃቸው ይወሰዳል። በውይይቱ መሀል እጃቸውን ሲያወጡ ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «እርስዎ እንኳ ዐረፍ ይበሉ፤ ምርቃትዎ ይበቃናል» ይላቸዋል።

ሊናገሩ የሚፈልጉት ስለ አዲሱ አስፋልት ነበር። ሰፈራቸውን ከጤና ጣቢያው ለይቶታል፤ የእግረኛ መሻገሪያ የለውም። በጥር ወር ባለቤታቸው የግፊት መድኃኒት ሊያመጡ ሲሻገሩ መኪና ገጭቷቸው እዚያው ቀሩ።

ዛሬም ማይኩን ሰጧቸው። ተሰብሳቢው እንደ ልማዱ ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ።

«ዕድሜ ይስጣችሁ» አሉ ሽማግሌው።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

«እንደኔ ያስረጃችሁ።»

«አሜን!»

«ጉልበታችሁ ሲከዳ፣ ዓይናችሁ ሲደክም፣ እናንተን ከአስፋልቱ ወዲህ፣ መድኃኒታችሁን ከአስፋልቱ ወዲያ ያድርግባችሁ።»

«አሜን!»

«በሠራችሁት መንገድ ያሻግራችሁ።»

«አሜን!»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። ግማሹ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ግማሹ ስልኩን ያያል።

«ሚስቴን ያገኛት ያግኛችሁ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፤ ከሁሉም የሰብሳቢው ጎልቶ ተሰማ።

ከዚያም ጎንበስ ብሎ ማይኩን ተቀበላቸው። «ዕድሜዎን ያርዝምልን አባታችን» አላቸው። «እንዳይሄዱብን ደግሞ፤ መዝጊያውንም እርስዎ ነዎት የሚመርቁልን።»